አቁሙ ያለች ልጅ

ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ገብረክርስቶስ ልጁን ጽዮንን ዳቦ እንድትገዛ ላካት። ዳቦ ቤቱ ከጊዮርጊስ ቁልቁል ሲወረድ ያለው ነው፤ ሩቅ አይደለም። ልጅቷ ግን ፀሐይ ግቢው መሃል ገብታ እስክትሞቅ አልተመለሰችም። ስትመጣም እጇ ባዶ ነው። ብሩን እንደታጠፈ በመዳፏ ጨምቃ፣ ላቧ አርሶት፣ ለእናቷ ሰጠቻት።

«ምነው፣ ዳቦ አለቀ?» አለቻት ለተኪዳን የምትባለው እናቷ።

ጽዮን አንገቷን ደፋች። በስንት ልመና ነገሩ ወጣ። ሰልፍ ይዛ ነበር። አንዲት ሴትዮ «ቸኩዬ ነው የኔ ቆንጆ» ብላ ቀደመቻት። ቀጥሎ አንድ ጎረምሳ ቀደማት። ከዚያማ ማን ያልቀደማት አለ! ዳቦው ተሸጦ ሲያልቅ እሷ መስኮቱ ሥር እንደቆመች ነበረች። «ተራዬ ነው» የምትል አንዲት ቃል ከጉሮሮዋ አልወጣ ብላ ነው።

ዲዳ እንዳትመስላችሁ። ከእናቷ ጋር ጓዳ ሲገቡ ወሬዋ አያልቅም። ሰው ፊት ስትቆም ግን ድምጿ ይጠፋል። ትምህርት ቤት ስሟ ሲጠራ «አቤት» የምትለው ለገዛ ኮሌታዋ ነው። ዐሥር ዓመት ሲሞላት አስተማሪዋ ገና ድምጿን በወጉ አላወቀችውም።

ገብረክርስቶስ ይህን እንደ ችግር ቆጥሮት አያውቅም። በጊዮርጊስ በር ጧፍ፣ ጥላና የአንገት መስቀል የሚሸጥ ሰው ነው፤ ካህኑም ምዕመኑም ያከብረዋል። በእሱ ቤት ጨዋ ልጅ ማለት ትልቅ ሰው ሲናገር መሬት መሬት የምታይ፣ ካልጠሯት የማትመጣ ነች። እሱም ያደገው እንደዚያው ነው። «ተያት እስቲ፤ ዝም አይነቅዝም» አላት ሚስቱን።

«ዝምታውስ አይነቅዝ ይሆናል» አለች ለተኪዳን፣ እርጥቡን ብር ጠረጴዛው ላይ እየዘረጋች። «ልጄ ግን እየነቀዘች ነው።»

በማግስቱ እጇን ይዛ ማስተር ሄኖክ ዘንድ ወሰደቻት።

ማስተር ሄኖክ ከወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ውስጥ ለሕፃናት ቴኳንዶ የሚያስተምር ቀጭን ወጣት ነው። ተወልዶ ያደገው ደጃች ውቤ ሰፈር ነበር። ፒያሳ ግማሿ ፈርሳ መንገድና ሣር ስትሆን የእነሱም ቤት አብሮ ሄደና ቤተሰቡ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገባ። እሱ ግን ሁለት ታክሲ ይዞ፣ ተጋፍቶ፣ አራዳ ድረስ ይመጣል። «እዚያ ሰፈር ለምን አታስተምርም?» ሲሉት «የእኔ ልጆች እዚህ ናቸው» ይላል። ሚስት እንኳ አላገባም።

ገብረክርስቶስ ወሬውን ሲሰማ ተቆጣ። «ሴት ልጅ እርግጫ ተምራ በቅሎ ልትሆን ነው?» አለ። ለተኪዳን «በቅሎስ ተራዋን አታስነጥቅም» ብላ ዘጋችው፤ እሱም ሳቁ አመለጠውና ነገሩ በዚያው አለፈ።

አዳራሹ ውስጥ የማስተር ሄኖክ ሕግ ብዙ አይደለም። አንደኛው፣ ከጓደኛህ ጋር ስትቆም ዓይኑን እያየህ ስምህን ጮክ ብለህ ትናገራለህ። ሰው እንጂ ወለሉ አይመታህም፤ ስለዚህ ወለሉን አትይ። ሁለተኛው ግን ከሌላ ቦታ ያልተሰማ ነው። ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው ሲገጥሙ ዳኛ የለም። አንድ ልጅ ሲጎዳ ያየ ማንም ቢሆን፣ ትናንት የመጣ ነጭ ቀበቶም ቢሆን፣ «አቁሙ!» ብሎ መጮህ አለበት። አንዴ አቁሙ ከተባለ ሁሉም ይቆማል፤ ማስተሩም ጭምር እግሩን ካነሣበት ይመልሳል። ጥፋተኛውን መፈለግ፣ እውነት ነው ሐሰት ነው ማለት፣ ኋላ ነው። አይቶ ዝም ያለ ልጅ ግን ከመታው ልጅ እኩል ምንጣፉን ሲጠርግ ይውላል።

«ጡንቻማ፣ የአትክልት ተራ ጆንያ ተሸካሚም አለው» ይላቸዋል። «እኔ እናንተን የማስተምረው አፍ ነው። ፋራ የሚሆነው የተመታ አይደለም፤ አይቶ የዋጠ ነው። ነቄ ናችሁ?»

«ነቄ ነን ማስተር!» ይላሉ በአንድ ድምፅ። ከመካከላቸው አንዷ ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅሳለች። ጽዮን ነች።

ክረምቱ አልፎ መስከረም እስኪጠባ ከንፈሯን ብቻ ስታንቀሳቅስ ከረመች። እግሯ ቀለለ፣ ወገቧ ቀና፣ ድምጿ ግን አልመጣም። ማስተሩ አልተቆጣትም፣ አላስገደዳትም። በየቀኑ ፊቷ ይቆምና ይጠብቃታል። ስሟን ለኮሌታዋ ስትነግረው፣ «እሺ፣ ነገም እዚሁ ነኝ» ይላታል።

አንድ ቀን ለተኪዳን አሟት ልጅቷን ሊወስድ የሄደው ገብረክርስቶስ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ጫማውን ላውልቅ አላውልቅ ሲያመነታ ከውስጥ አንድ ድምፅ ሰማ። «አቁሙ!» የሚል፣ ጣራውን የሚያናጋ፣ የሕፃን ድምፅ። ሁሉም ባለበት ቆመ። አንድ ወፍራም ልጅ ከሥሩ የወደቀውን ትንሽ ልጅ ክንድ ጠምዝዞ ይዞ ነበር፤ ለቀቀው። ማስተሩም ከወዲያ ጥግ እጁን አንጠልጥሎ ቀረ። ማን ነው የጮኸው ብሎ ገብረክርስቶስ አንገቱን ቢያሰግግ መሃል ላይ የቆመችው የገዛ ልጁ ናት። ጡጫዋን ጨብጣ ያንን ወፍራም ልጅ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች።

ገብረክርስቶስ የልጁን ድምፅ አላወቀውም። ይህን ኋላ ለሚስቱ ሲነግራት እንባው መጣ። «የሌላ ሰው ልጅ መስላኝ፣ ወይ የታደለ አባት ብዬ ቀናሁ» አላት። ያን ቀን ማታ ጽዮንን ፒያሳ ኬክ ቤት ወስዶ ሁለት አበላት።

ከዚያ በኋላማ ምኑ ይወራል። ጽዮን ዳቦ ይዛ መምጣት ጀመረች። አንድ ቀን ልትቀድማት የሞከረችን ሴትዮ «እትዬ፣ ሰልፉ ከኋላ ነው» ብትላት፣ ሴትዮዋ ስቃ ከኋላዋ ተሰለፈች። ክፍል ውስጥ ቆማ አነበበች። አባቷ ሱቅ ስትመጣ ደንበኛውን ዓይን ዓይኑን እያየች «ምን ልታዘዝ?» ትላለች። ገብረክርስቶስ ከጥላዎቹ ጀርባ ሆኖ ያያትና ልቡ ይሞላል። ጧፍ ሊገዛ ለመጣ ሁሉ «ልጄን አያችኋት?» ይላል። ቢጫ ቀበቶዋን ያሰረች ዕለት ደግሞ የተነሣችውን ፎቶ አሳጥቦ ከመስቀሎቹ ጎን ሰቀለው። የማይወዳት እንዳይመስላችሁ ነው ይህን ሁሉ የምላችሁ። ይወዳት ነበር።

እንግዲህ ጋሽ ቃለጽድቅን ላስተዋውቃችሁ። ገብረክርስቶስ አባቱ የሞተበት ገና ሕፃን ሳለ ነው። ያሳደጉት፣ ያስተማሩት፣ ሲያገባ እንደ አባት ሆነው የዳሩት ጋሽ ቃለጽድቅ ናቸው። ግቢው አንድ ነው፤ እሳቸው ከፊት ባለው ሰገነታማ ቤት፣ እነ ገብረክርስቶስ ከኋላ። በየወሩ በሃያ ሦስት የሚጠጣው የጊዮርጊስ ማኅበር ሙሴም እሳቸው ናቸው። ሙሴ ማለት የማኅበሩ አለቃ ነው፤ የተጣላ ያስታርቃል፣ ያጠፋ ይቀጣል። ሲያልፉ ሰው ከመቀመጫው ይነሣል። ገብረክርስቶስ ዛሬም ድረስ ፊታቸው እግሩን አጣምሮ ተቀምጦ አያውቅም።

በጋሽ ቃለጽድቅ ቤት የሺዓለም የምትባል ልጅ አለች። ዐሥራ ሦስት ቢሆናት ነው። «ላስተምራት» ተብላ ከገጠር መጥታ ትምህርቱ ቀርቶ ሥራው ብቻ የተረፋት ናት። ጽዮን የተማረችውን ሁሉ ለየሺ ታስተምራለች፣ ከውኃ ታንከሩ ጀርባ ተደብቀው። የሺ እግሯን ስታነሣ ቀሚሷን ትይዛለች፣ ከዚያ ሳቋ ይመጣና አፏን በመዳፏ ትከድናለች። «ጩኺ እንጂ!» ትላታለች ጽዮን። «ኧረ ይሰሙኛል» ትላለች የሺ።

በኅዳር፣ የማኅበሩ ቀን ሲቃረብ፣ የሺ ግራ እጇን በቀርከሃ ታስራ ታየች። ከደረጃ ወድቃ ነው ተባለ። ጋሽ ቃለጽድቅ ወጌሻ አስመጥተው አሳስረውላታል፤ «ሐኪም ቤትማ ጀሶ ከመለጠፍ ሌላ ምን ያውቃል» ብለው።

ጽዮን ግን አይታለች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በተከፈተው የማድቤት በር በኩል፣ የተሰበረ ሲኒ መሬት ላይ፣ የሺ ግድግዳው ሥር፣ የጋሽ ቃለጽድቅ ከዘራ ደግሞ ሲወርድ። ሰው የሚያምናቸው፣ ሰው የሚነሣላቸው ጋሽ ቃለጽድቅ። ያን ዕለት «አቁሙ» ለማለት አፏን ስትከፍት የሺ በዓይኗ ለመነቻት፤ ዝም አለች። ይህ ዝምታ ነው ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ የነሳት። በሦስተኛው ቀን የየሺን ጣቶች አየች። አብጠዋል። ጥፍሮቿ ጠቁረዋል። «ያምሻል?» አለቻት። «አሁንስ ምንም አይሰማኝም» አለች የሺ፣ ደህና የሆነች መስሏት።

ጽዮን ሮጣ ማስተሯ ጋ ሄደች። ማስተር ሄኖክ ሰምቶ ፊቱ ተለዋወጠ። «መጀመሪያ ለአባትሽ ንገሪ» አላት። «እሱ ትልቅ ሰው ነው፣ ይሰማሻል። እሱ እያለ እኔ ጣልቃ ብገባ ሼም ነው።» ይህም የእሱ ስሕተት ነበር፤ አባትን ማክበሩ ነው ያሳሳተው።

ጽዮን አባቷ ሱቅ ሄዳ ነገረችው። ዓይኑን እያየች፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ እንደተማረችው። ገብረክርስቶስ ለበዓሉ ጧፍ በእሽግ እያስቀመጠ ነበር። መጀመሪያ በሩን አየ፤ ሰው ሰምቶ እንዳይሆን።

«ማን ነው እንዲህ ያለሽ?»

«እኔ ነኝ ያየሁት አባዬ። እጇ ጠቁሯል። ሐኪም ቤት እንውሰዳት።»

«ስሚ፣ የትልቅ ሰው ቤት ጉዳይ ነው፤ አንቺን አይመለከትሽም። የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ። ሁለተኛ እንዳልሰማ።»

ይህን ሲል ልቡ አንድ ነገር ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ያ ከዘራ በልጅነቱ የእሱንም ጀርባ ያውቀዋል። ግን ጋሼ አባቱ ናቸው፤ የማኅበሩ ቀን ደግሞ ተረኛው እሱ ነው። ካለፈ በኋላ ቀስ ብዬ አነሣላቸዋለሁ ብሎ ለራሱ ነገረና ጧፉን መደርደር ቀጠለ።

በሃያ ሦስት ማኅበርተኛው የገብረክርስቶስን ቤት ሞላው። መምሬ ጸሎት አድርሰው ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ተቀዳ። ጋሽ ቃለጽድቅ ከላይ፣ ከካህኑ አጠገብ፣ ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ሰው ስለበዛ የሺዓለምም እንድታግዝ ተጠርታለች። በአንድ እጇ ትሪ ይዛ፣ የታሰረውን በነጠላዋ ሸፍና ትዞራለች። እየተንገዳገደች ነው። ትኩሳት አለባት፤ ከንፈሯ ደርቋል።

አንዲት አሮጊት «እጇን ምን ሆና ነው ልጅቷ?» አሉ።

«ወድቃ ነው እንጂ» አሉ ጋሽ ቃለጽድቅ። «ጎበዝ ናት፣ እንዲህ ነው ስብራት የሚለመደው። ነይ እስቲ የኔ ልጅ፣ ለመምሬም ጨምሪላቸው።»

የሺ ትሪውን አስቀምጣ ማንቆርቆሪያውን በታመመው እጇ ደገፍ ልታደርግ ነጠላዋን ገለጠች። በዚያች ቅጽበት ነው ከጓዳው በር ላይ ያ ድምፅ የተሰማው።

«አቁሙ!»

ሁሉም ዞረ። ጽዮን መሃል ገብታ ቆመች። ወለሉን አላየችም። ጋሽ ቃለጽድቅን ዓይን ዓይናቸውን እያየች፣ «ስሜ ጽዮን ገብረክርስቶስ ነው» አለች፤ ሲጨንቃት የአዳራሹ ልማድ መጥቶባት ነው። «የሺ አልወደቀችም። እርስዎ ነዎት በከዘራ የመቷት። እኔ አይቻለሁ። እጇ እየሞተ ነው፣ ሐኪም ቤት ትሂድ!»

መምሬ ጽዋቸውን አስቀመጡ። ከወዲያ ጥግ አንዱ «ዓይን አውጣ!» አለ። ሌላው «ይኸው ነው እንግዲህ ካራቴ ማስተማር» አለ። ጋሽ ቃለጽድቅ ጋቢያቸውን ሰበሰቡና ሊነሡ ከዘራቸውን ፈለጉ። ቅር ብሏቸው ከዚህ ቤት ከወጡ ገብረክርስቶስ ነገ በየትኛው ፊቱ ሰው ያያል?

ገብረክርስቶስ የሚያደርገው ጠፋው ብል ዋሸሁ፤ የሚያደርገውን ያውቀዋል። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። ልጅ ትልቅ ሰው ካዋረደ ጉልበት ይስማል፤ በቃ።

«ጉልበት ስሚ» አላት።

ጽዮን ወደ አባቷ ዞረች። ያልገባት መሰለች። «አባዬ፣ አይቻለሁ እኮ» አለች ቀስ ብላ።

«ጉልበት ስሚ አልኩሽ! ዋሽቼ ነው በዪ!»

«ገብረ፣ ተው!» አለች ለተኪዳን ከጓዳ። አልሰማትም። የልጅቷን ትከሻ ይዞ ወደ ጋሽ ቃለጽድቅ እግር ገፋት። ትከሻዋ በእጁ ውስጥ ድንጋይ ሆኖ ነበር። ከዚያ ላላ። ያ መላላት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ አላወቀም። ጽዮን ተንበረከከች፣ አንዱን ጉልበት ሳመች፣ ሌላውንም ሳመች። «ዋሽቼ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ» አለች። ድምጿ ለኮሌታዋ ነበር።

«እግዜር ይቅር ይበልሽ፤ ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» አሉ ጋሽ ቃለጽድቅ፤ ሰውም ተነፈሰ፣ ጠላውም ተቀዳ። የሺዓለም ግድግዳውን ተደግፋ ሁሉንም አየች።

በማግስቱ ገብረክርስቶስ ልጁን ከአዳራሹ አስወጣት። ጽዮን አላለቀሰችም፣ አልለመነችም። ቢጫ ቀበቶዋን አጥፋ ለእናቷ ሰጠቻት። ልጅቷ ስትቀር ማስተር ሄኖክ ሱቅ ድረስ መጣ።

«ጋሼ፣ ምን አጠፋች?»

«አስተማርካት፣ አመሰግናለሁ። ሰው መድፈር ግን በእኛ ቤት የለም።»

«ነገሩን አልነገረችዎትም እንዴ? የልጅቷን እጅ?» ሄኖክ የገብረክርስቶስን ፊት ሲያይ ሁሉም ገባው። «ነግራዎታለች» አለ። ከሱቁ ወጥቶ ዳገቱን ሲወጣ ይሮጥ ነበር።

የጋሽ ቃለጽድቅን በር ማን እንደከፈተለት፣ ምን እንደተባባሉ ብዙ ተወርቷል። እርግጡ አንድ ነው፦ የሺዓለምን በጀርባው አዝሎ ወጥቶ ታክሲ ውስጥ አስገባት። ሐኪሞቹ ቀርከሃውን ሲፈቱት የወጣውን ሽታ ሄኖክ እስከ ዛሬ አይናገረውም። የአጥንቱ ስብራት በቀላሉ የሚገጥም ነበር አሉ። የወጌሻው ማሰሪያ ጠብቆ ደሙን ዘግቶታል። ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ቢሆን ማሰሪያውን ማላላት ብቻ ይበቃት ነበር። እጇን ከክርኗ በታች ቆረጡት።

ገብረክርስቶስ ይህን የሰማው ከለተኪዳን ነው። በሩ ላይ ቆማ «ቆረጧት» አለች። ቁጭ አለ። ማኅበሩ ካለፈበት ዕለት እስከ ዛሬ ያሉትን ቀኖች መቁጠር ጀመረና ተወው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉታል እንዲህ ያለውን።

ብርቱካን ገዝቶ ሐኪም ቤት ሄደ። የሺዓለም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። አባቷ ከገጠር መጥተው እግርጌዋ ተቀምጠዋል፤ የጋሽ ቃለጽድቅ ሽማግሌዎች ቀድመው አነጋግረዋቸዋል፤ እርቅ ወርዷል።

«የሺ፣ ለፖሊስ እውነቱን ተናገሪ። እኔ ከጎንሽ ነኝ» አላት።

«ወድቄ ነው ጋሼ።»

«እንዳልወደቅሽማ አውቃለሁ።»

ልጅቷ ያኔ ዞራ አየችው። በዓይኗ ውስጥ ቁጣ ቢኖር በቀለለው ነበር፤ የለም። «ጽዮን ተናግራ የሆነችውን አይቻለሁ» አለች። «እሷ የቤት ልጅ ሆና እንደዚያ ከተደረገች፣ እኔ የማን ልጅነቴን ይዤ ነው የምናገረው?»

ገብረክርስቶስ ብርቱካኑን ከአልጋው ሥር አስቀምጦ ወጣ። ከዚያ በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ የአሳዳጊውን ስም አስመዘገበ። ይህ ቀላል አልነበረም፤ ማኅበርተኛው ፊቱን አዞረበት፣ ጋሽ ቃለጽድቅም «ጡት ነካሽ» ብለው ረገሙት። እሱ ግን አሁን የሚፈራው ሌላ ነበር። ያየ ሰው አንድ ብቻ አለ። ያ ሰው ደግሞ ከማኅበሩ ቀን ወዲህ ከእናቱ ጋር እንኳ ጓዳ ገብቶ አያወራም።

ወደ አዳራሹ መለሳት። ቀበቶዋን ራሱ አሰረላት። ማስተር ሄኖክ እንደ ድሮው ፊቷ ቆሞ ጠበቃት። ስሟን አልተናገረችም፤ ከንፈሯም አልተንቀሳቀሰም። ልጆቹ ሲገጥሙ አንዱ ጓደኛውን አንገቱን አንቆ ሲይዝ ጽዮን አጠገባቸው ነበረች። አየች። ከዚያ ዓይኗን ወደ ወለሉ መለሰች። ሄኖክ ልጆቹን ራሱ አላቀቃቸውና በዚያ ቀን ትምህርቱን ቶሎ አቆመ። በሩ ላይ ለገብረክርስቶስ «እኔ ድምፅ አውጡ ብዬ አስተምራለሁ» አለው። «የወጣ ድምፅ መልሶ ሲገባ ምን እንደሚደረግ ግን ማንም አላስተማረኝም።»

ፖሊስ የጠራቸው በጥር መግቢያ ነው። ሳጅኗ ደግ ሴት ነበረች። ለጽዮን ከረሜላ ሰጠቻት፣ ወንበሯን ወደ ራሷ አስጠጋች፣ ድምጿን ዝቅ አደረገች። የሺዓለም ወድቄ ነው ማለቷን፣ ስለዚህ መዝገቡ በጽዮን ቃል ላይ መቆሙን ለአባትዬው አስቀድማ ነግራዋለች። ገብረክርስቶስ መንገዱን ሙሉ ለጽዮን «ያየሽውን ብቻ ተናገሪ፣ ማንም አይቆጣሽም፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ሲላት ነው የመጣው። እሷም «እሺ አባዬ» ብላ ነበር።

«ጽዮንዬ፣ በዚያን ቀን በማድቤቱ በር በኩል ምን አየሽ?» አለች ሳጅኗ።

ልጅቷ የሲሚንቶውን ወለል ታያለች።

«ምንም አላየሁም።»

«በማኅበሩ ዕለት ግን አይቻለሁ ብለሽ ተናግረሻል። ሰው ሁሉ ሰምቶሻል።»

«ዋሽቼ ነው።»

ገብረክርስቶስ ከመቀመጫው ተነሣ። «ጽዮን! ስለ ጊዮርጊስ! ያየሽውን ንገሪያት!» ድምፁ ከፍ ሲል የልጅቷ ትከሻ ላላ። ያን መላላት አሁን አወቀው። ተመልሶ ተቀመጠ።

ሳጅኗ ጥያቄውን አገላብጣ ደጋግማ ጠየቀች። መልሱ ያው ሆነ። በመጨረሻ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና፣ «እንግዲህ ልጅ ነች፤ ምን ይደረጋል» አለች። ልታጽናናው ፈልጋ ደግሞ «ጨዋ ልጅ አለችዎት፤ የዛሬ ልጆች እንዲህ አይደሉም» ብላ ጨመረች።

ወጡ። ከጣቢያው በር እስከ ዋናው መንገድ ዛፍ የተተከለበት አዲስ የእግረኛ መንገድ አለ፤ በእሱ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሄዱ። ትንሽ እንደሄዱ ጽዮን እጁን ሳብ አደረገችው። ቀና አላለችም። ለመስማት ጎንበስ ማለት ነበረበት።

«አባዬ» አለች ለኮሌታዋ። «አሁን ደህና አድርጌ ተናገርኩ?»